ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ ወይስ ቴአትር? ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችሁ በፊት ሦስቱን ለማወዳደር

ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃና ቴአትር በዩኒቨርሲቲ መግለጫ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ፤ ብዙ ቦታም በአንድ ኮሌጅ ሥር ይተዳደራሉ። ስለዚህ ብዙ አመልካች ሦስቱን እንደ አንድ ቤተሰብ አይቶ በስሜት ይመርጣል። የተማሪው የዕለት ውሎ ግን በሦስቱም ፍጹም ይለያያል። የሥዕል ተማሪ ሥራውን ስቱዲዮ ውስጥ አቁሞ ሄዶ ነገ ከተወው ቦታ መቀጠል ይችላል። የሙዚቃ ተማሪ ሥራው በጣቱ፣ በከንፈሩና በትንፋሹ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሳምንት ካቆመ የገነባው ይላላል። የቴአትር ተማሪ ደግሞ ጓደኞቹ ካልመጡ ልምምድ የለውም። ስትመርጡ የኤግዚቢሽኑን መክፈቻ፣ የኮንሰርቱን ጭብጨባና የመድረኩን መብራት ለጊዜው ተዉአቸውና ማንም የማያየውን ተራ ማክሰኞ ተመልከቱ። ለሦስትና ለአራት ዓመት የምትኖሩት እሱን ነው።

ከዘርፉ በፊት የፕሮግራሙን ዓይነት ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሙዚቃ» የሚባል ዲግሪ አንዱ ተቋም ውስጥ በቀን አራት ሰዓት መሣሪያ ያስይዛል፤ ሌላው ውስጥ የሙዚቃ ታሪክ አስነብቦ ጽሑፍ ያስጽፋል። «የቴአትር ጥበባት» የሚለው ስምም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጋ ትወና ማለት ነው፣ ሌላው ጋ ተውኔት ማንበብና መተንተን።

በጥቅሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባለሙያ ለማውጣት የተቀረጸ የተግባር ዲግሪ ነው። ኮንሰርቫቶሪዎች (የሙዚቃ ማሠልጠኛ ተቋማት)፣ የሥነ ጥበብ አካዳሚዎችና የትወና ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በዚህ ይሄዳሉ። ሁለተኛው አጠቃላይ ዲግሪ ሲሆን ዘርፉን ከቋንቋ፣ ከታሪክ፣ ከሳይንስና ከመሳሰሉት ጋር አጣምሮ ይሰጣል። ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑ ማኅበራት በሚከተሉት ደንብ በተግባር ዲግሪ ውስጥ 65 በመቶ ያህሉ ትምህርት ከዘርፉ ይሆናል፤ በአጠቃላዩ ዲግሪ ግን የዘርፉ ድርሻ ከ30 እስከ 45 በመቶ ነው። ከዚህ ውጭ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ቢለያይም ሁለቱ መንገዶች አሉ።

የአውሮፓን የክሬዲት ሥርዓት የሚከተሉ ፕሮግራሞችን ማንበብ ይቀላል። አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ለዋና መሣሪያ በዓመት 20 ክሬዲት ከተሰጠ ከ500 እስከ 600 ሰዓት ይጠበቅባችኋል ማለት ነው። ከመምህር ጋር የምትቀመጡት በሳምንት 1 ሰዓት፣ በዓመት 30 ሰዓት ያህል ከሆነ የቀረው ሁሉ ብቻችሁን በር ዘግታችሁ የምትለማመዱት ነው። መግለጫው ይህን በግልጽ አይነግራችሁም፤ ክሬዲቱ ግን ይነግራችኋል።

መንገዱን ለመለየት የኮርሶቹን ሙሉ ዝርዝር አውጡና በእያንዳንዱ ኮርስ ፊት ከሦስት ምልክቶች አንዱን አድርጉ፦ በእጅ ወይም በአካል የሚሠራ፣ የዘርፉ ንድፈ ሐሳብና ታሪክ፣ ከዘርፉ ውጭ የሆነ። ከዚያ ክሬዲቶቹን ደምሩ። የሦስት ተቋማትን ድምር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ስሙ አንድ የነበረው ዲግሪ ሦስት የተለያየ ነገር ሆኖ ይታያችኋል።

መጫወት፣ መተወን ወይም መሣል ዋና ሥራዬ ይሁን የሚል ሰው ወደ ተግባሩ ዲግሪ ቢሄድ ይሻለዋል። ማስተማር፣ መመራመር፣ ሂስ መጻፍ ወይም የባህል ተቋም ማስተዳደር የሚፈልግ፣ ገና ያልወሰነም፣ በአጠቃላዩ አይጎዳም። ከአጠቃላይ ዲግሪ ተነስቶ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ተግባር መሻገር በሥዕል፣ በቴአትር ዝግጅት (ተውኔትን ለመድረክ በመምራት) እና በተውኔት ጽሕፈት የተለመደ ነው። በክላሲካል መሣሪያ ግን በጣም ይከብዳል፤ ያለፉትን አራት ዓመታት ልምምድ በኋላ ማካካስ አይቻልምና።

ሥነ ጥበብ

የመጀመሪያው ዓመት መሠረታዊ ነው፦ ንድፍ፣ የቀለም ጥናት፣ ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ። የዚህ አሠራር አንዱ ሥር እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ቫይማር ከተማ የተከፈተው ባውሃውስ የተባለ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ዮሐንስ ኢተን ያቋቋመው የመግቢያ ኮርስ ተማሪው ቅርንጫፍ ከመምረጡ በፊት ስለ ቁስ፣ ስለ ቀለምና ስለ ተቃርኖ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ቀለም ቅብ ልማር ብሎ የገባ ሰው ለአንድ ሴሚስተር ካርቶን ሲቆርጥ፣ ሽቦ ሲጠመዝዝ፣ ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን ግራጫ በ10 ደረጃ ሲቀላቅል ቢውል አይደንግጥ። ይህን ዓመት እንደ ባከነ የሚቆጥሩት ተማሪዎች በሦስተኛው ዓመት ጥላና ብርሃን ሲያስቸግራቸው ይታያል።

ቅርንጫፍ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ደስ ይለኛል» ብሎ ነው። ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ጥያቄ አክሉ፦ ሥራው በራሴ ሰዓት ይሠራል ወይስ በተራ? ንድፍ፣ ቀለም ቅብና ግራፊክ ዲዛይን በራስ ሰዓት ይሠራሉ። ሴራሚክስ፣ የኅትመት ጥበብና የብረት ቅርጻ ቅርጽ የጋራ መሣሪያ ስለሚፈልጉ ተራ መጠበቅ አለ።

ሴራሚክስን ብቻ እንይ። ወፈር ያለ በእጅ የተሠራ ዕቃ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እርጥበት ይዞ ምድጃ ከገባ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ አጠገቡ ያለውን የሌላ ተማሪ ሥራም ይዞ ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አንዴ ይተኮሳል፣ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) ይቀባል፣ ከዚያ እንደ ጭቃው ዓይነት ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ድረስ እንደገና ይተኮሳል። እያንዳንዱ የመተኮስ ዙር ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ካለው ጊዜ ጋር ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ከፊታችሁም ወረፋ አለ። ስለዚህ ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጭቃ የጀመረ ተማሪ የሚያስረክበው ነገር የለውም። በዚህ ቅርንጫፍ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ አራት ሳምንት ቆጥሮ መጀመር ግዴታ ነው። ዕቅድ አውጥቶ መሥራት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ይህን አሁን ማወቁ ይጠቅማል።

በሥነ ጥበብ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግምገማው ነው። ተማሪው ሥራውን ይሰቅላል፣ መምህራንና ጓደኞች ፊቱ ቆመው ይናገራሉ። «ቆንጆ ነው» የሚል አስተያየት እዚህ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ለምን ይህን መጠን፣ ለምን ይህን ቁስ፣ ለምን ይህን ቀለም እንደመረጣችሁ ነው። ስትጎበኙ አንድ ግምገማ ላይ ተቀምጣችሁ ለማዳመጥ ፈቃድ ጠይቁ። ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው አንድ መምህር ብቻ የሚናገርበት ክፍል ከሆነ እዚያ የምትማሩት የመምህሩን ምርጫ ነው።

ጤናና ደኅንነትም የምርጫው አካል ነው። ተርፐንታይንና መሰል ማቅጠኛዎች አየር በደንብ የሚወጣበት ክፍል ይፈልጋሉ። በተልባ ዘይት የረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውስጥ መጣል አለበት። የሸክላ ክፍል ወለል በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ በእርጥብ ይወለወላል። ስቱዲዮ ስትጎበኙ እነዚህን ሦስት ነገሮች ካያችሁ ቦታው በባለሙያ የሚመራ መሆኑን ትረዳላችሁ።

ሙዚቃ

ከሦስቱ ቀድሞ መጀመርን አጥብቆ የሚጠይቀው ሙዚቃ ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አመልካቹን መበደል ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው መሣሪያ የሚጀምርን ሰው ሳይሆን የሚጫወትን ሰው ነው። ኤቢአርኤስኤም በተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ፈታኝ ቦርድ የፈተና ሥርዓት 8 ደረጃዎች አሉ፤ ለክላሲካል ፕሮግራም የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው በ8ኛው ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ አቅም ላይ እንዲገኝ ይጠበቃል፣ ወረቀቱ ባይኖረውም። ቫዮሊንና ፒያኖ በልጅነት የተጀመሩ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ድምፅ ግን የጉሮሮው አካል ሲበስል የሚሠራ ስለሆነ በ16ና በ17 ዓመት መጀመር ይቻላል። ኮንትራባስ፣ ትሮምቦንና አንዳንድ የምት መሣሪያዎችም ዘግይቶ ለሚጀምር የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ፤ ትልቅ አካል ይፈልጋሉ፣ አመልካቹም ያነሰ ነው።

መሣሪያ ላይ ሩቅ ያልሄደ ግን ሙዚቃ የማይለቀው ሰው ሌላ በር አለው፦ የሙዚቃ ቴክኖሎጂና የድምፅ ቀረጻ፣ ድርሰት፣ የሙዚቃ ጥናት፣ የባህል ሙዚቃ ምርምር፣ የሙዚቃ መምህርነት። በእነዚህም ኖታ ማንበብና የጆሮ ሥልጠና አይቀርም። በጆሮው ብቻ የተማረ ጎበዝ ተጫዋች እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የጆሮ አቅሙ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ከመግቢያው ፈተና በፊት ኖታ ለማንበብ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በየቀኑ 20 ደቂቃ መመደብ ይኖርበታል።

ሳምንቱ ምን ይመስላል? ከመምህር ጋር የግል ትምህርት 1 ሰዓት ነው። በኦርኬስትራ፣ በመዘምራን ወይም በአነስተኛ ቡድን የሚውለው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይደርሳል። ንድፈ ሐሳብ፣ የጆሮ ሥልጠናና ታሪክ ይጨመራሉ። ከዚህ ሁሉ ውጭ በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ልምምድ አለ። ይህን ሰዓት የሚያባክነው የሚጠናውን የሙዚቃ ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ መጫወት ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይለማመዳል። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ የምትሰናከሉበትን 4 ወይም 8 ሜዠር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈለ ክፍል) ለይታችሁ ሜትሮኖሙን፣ ማለትም ምት ቆጣሪውን፣ ያለ ስህተት መጫወት ወደምትችሉበት ፍጥነት፣ ለምሳሌ በደቂቃ 60 ምት፣ አውርዱ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲስተካከል በ4 ጨምሩ፤ ስህተት ሲመለስ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ሜዠሮች አያይዛችሁ ተጫወቱ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነውና። ይህን ሥራ ለ40 ደቂቃ ሠርታችሁ ሰዓቱ ያለፈ ካልመሰላችሁ ሙዚቃ ይስማማችኋል። አሰልቺ ሆኖ ካስመረራችሁ ምናልባት የምትወዱት ሙዚቃን መስማትና ማቅረብ ነው፤ እሱም የሚከበር ፍቅር ነው፣ ግን የአራት ዓመት ልምምድ ክፍል አይፈልግም።

አካል ይጎዳል። በየ45 ወይም 50 ደቂቃው 10 ደቂቃ ማረፍ፣ ከፈተና በፊት የልምምድ ሰዓትን በአንድ ጊዜ እጥፍ አለማድረግ ዋናው መከላከያ ነው። የጅማት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእረፍት መልስ «ላካክስ» ተብሎ በሚደረግ ልምምድ ነው። ጆሮም ገደብ አለው፤ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት የሚመከረው ጣሪያ ሲሆን በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከነሐስ መሣሪያዎች ፊት የሚቀመጥ ተጫዋች ይህን በልምምድ ላይ በቀላሉ ያልፈዋል፤ ለሙዚቀኛ የተሠራ የጆሮ መሸፈኛ ድምፁን ሳያደበዝዝ ይቀንስለታል።

ከሥዕልና ከቴአትር የሚለየው ሌላው ትልቅ ነገር መምህሩ ነው። በሙዚቃ ተማሪው ብዙውን ጊዜ አንድ ዋና መምህር ይዞ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የተቋሙን ስም ከማየት በፊት የመሣሪያችሁ መምህር ማን እንደሆነ፣ በግቢው ውስጥ በየሳምንቱ ይገኝ እንደሆነ ወይስ በወር አንዴ ብቅ የሚል እንደሆነ አጣሩ፤ የሙከራ ትምህርትም ጠይቁ። በርካታ መምህራን ፈቃደኛ ናቸው። በዚያ ሰዓት ሙገሳውን ሳይሆን ስትወጡ የምትሠሩት ግልጽ ነገር መያዝ አለመያዛችሁን መዝኑ።

ቴአትር

ቴአትርን የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ትወና ብቻ ያስባል። ዘርፉ ግን ዝግጅት፣ ተውኔት ጽሕፈት፣ የመድረክ ግንባታና ዲዛይን፣ መብራት፣ ድምፅ፣ አልባሳት፣ የመድረክ አስተዳደር፣ ቴአትር ለትምህርትና ለማኅበረሰብ ሥራ የሚሉትን ሁሉ ይይዛል። ለትወና መቶዎች ተሰልፈው ጥቂቶች ሲገቡ ከመድረኩ ጀርባ ላሉት ሙያዎች የሚያመለክተው ሰው ያነሰ ነው። ተመራቂውም ወደ ኮንሰርት፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ትልልቅ ዝግጅቶች ሥራ መሻገር ይችላል። የመድረክ አስተዳዳሪ ተውኔቱን ከነ ምልክቱ በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ መብራቱ የት ቃል ላይ እንደሚለወጥ፣ ተዋናዩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ድምፁ መቼ እንደሚለቀቅ ሁሉም እዚያ አለ። መጀመሪያ «ተዘጋጁ»፣ ከዚያ «ሂድ» ይላል። ዝርዝር የሚወድ፣ ሲጨናነቅ የሚረጋጋ ሰው እዚህ ቦታ ያገኛል።

የትወና ተማሪ ጠዋት የአካል እንቅስቃሴና የድምፅ ሥልጠና፣ ከሰዓት የገጸ ባሕርይ ሥራና ታሪክ፣ ማታ ልምምድ አለው። የተለመደ ግምት አለ፦ ለአንድ ደቂቃ ትዕይንት ቢያንስ አንድ ሰዓት ልምምድ። 90 ደቂቃ የሚፈጅ ተውኔት በሳምንት 18 ሰዓት ከተለማመዱት አምስት ሳምንት ይወስዳል ማለት ነው። የመጨረሻው ሳምንት መብራትና ድምፅ የሚገጣጠምበት ሲሆን ለሌላ ትምህርት ጊዜ አይተርፍም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው፤ የማታ ሥራ ይዞ መማር በሥዕል ሊሆን ይችላል፣ በቴአትር ግን ከልምምዱ ጋር ይጋጫል። አንድ ሰው ሲቀር አሥራ ሁለቱ ይቆማሉ።

ስለ ሥልጠናው ዘዴም ጠይቁ። አብዛኛው የትወና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ ከሆነው ከኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የተነሳ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል ከሚል ይጀምራል። አንዳንድ ቦታ በአካል፣ በጭንብልና በቡድን ፈጠራ ይጀምራሉ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ግን በጽሑፍ ላይ መመርመር የሚወድ ሰው ሙሉ ቀን መሬት ላይ ሲንከባለል፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ የሚወደውም ሙሉ ቀን ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ አይጸናም።

የመግቢያው ፈተና ጎን ለጎን

ለሥነ ጥበብ የሚጠየቀው ፖርትፎሊዮ (የተመረጡ ሥራዎቻችሁ ስብስብ) ነው፤ በብዛት ከ10 እስከ 20 ሥራ። ከእነዚህ ቢያንስ ሲሶው በዓይን ታይቶ ከሕይወት የተነደፈ ይሁን፦ የሰው አካል፣ እጅ፣ ወንበር፣ የክፍል ጥግ። ከፎቶ የተገለበጠ የታዋቂ ሰው ፊት ገምጋሚው ሁልጊዜ የሚያየው ስለሆነ አይጠቅምም፤ ከዚያም በላይ ፎቶው የሠራውን ሥራ የእናንተ አድርጎ አያሳይም። የንድፍ ደብተር ገጾችን ጨምሩ፤ ሐሳብ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያሉ። ደካማ ሥራ ለቁጥር ብላችሁ አታስገቡ፤ 12 ጠንካራ ሥራ ከ20 የተቀላቀለ ይሻላል። ፎቶ ስታነሱ ሥራውን ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ካሜራውን ከመሐሉ እኩል አድርጉ፣ ብርሃን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይምጣ ወይም በደመናማ ቀን ውጭ አንሱ። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ዘይት ቀለም ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል።

ለሙዚቃ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ቪዲዮ ይላካል፣ ከዚያ ያለፉት በአካል ይጠራሉ። ቪዲዮው በአንድ ጊዜ የተቀረጸ፣ ያልተቆራረጠና ሬቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ያልተጨመረበት ይሁን፤ እጅና ፊት አብረው ይታዩ። በአካሉ ፈተና ከሁለት የተለያዩ ዘመናት የተመረጡ ቁራጮች፣ ስኬሎች (በቅደም ተከተል የሚወጡና የሚወርዱ ኖታዎች)፣ ኖታን ባዩበት መጫወትና የጆሮ ፈተና ይጠበቃሉ። ክላሲካል ድምፃውያን በጣሊያንኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛም እንዲዘፍኑ ይጠየቃሉ። ከአቅም በላይ የሆነ ቁራጭ መምረጥ የተለመደው ስህተት ነው፤ ፈታኙ የሚሰማው የቁራጩን ክብደት ሳይሆን የድምፁን ጥራት፣ ምቱንና ሐረጉን ነው። አጃቢ ፒያኖ ካለ ኖታውን በምትዘፍኑበት ቁልፍ (የድምፅ ከፍታ) የተጻፈና ገጹ በቀላሉ የሚገለበጥ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ የሚዘለል ክፍል ካለም በእርሳስ አመልክቱ።

ለትወና ሁለት ተቃራኒ መነባንቦች (አንድ ተዋናይ ለብቻው የሚያቀርባቸው የተውኔት ንግግሮች)፣ እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ ገደማ፤ አንዱ ከቀደመ ዘመን፣ ሌላው ከዘመኑ። ከዕድሜያችሁ የራቀ ገጸ ባሕርይ አትምረጡ፤ የ18 ዓመት ልጅ አሮጊት ሆና ስትተውን ፈታኙ የሚያየው የማስመሰል ችሎታዋን ብቻ ነው። ሙሉ ተውኔቱን አንብቡ፤ «ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ፈታኙን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አትናገሩ፤ ከራሱ በላይ ያለ አንድ ነጥብ ምረጡ። ከመጀመሪያው መስመር መጮህ ወይም ማልቀስ መሄጃ ያሳጣል። ከሁሉም በላይ ለለውጥ ተዘጋጁ፦ «እንደገና፣ ግን አሁን ለወንድምህ በምስጢር እንደምትነግረው» ብትባሉ ወዲያው መለወጥ መቻል አለባችሁ። ፈታኙ ይህን የሚጠይቀው የመጀመሪያው ስለከፋ ሳይሆን ከእናንተ ጋር መሥራት ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። መነባንባቸውን ከመስታወት ፊት በአንድ ዜማ ያጠኑ ልጆች እዚህ ላይ ይደነቃቀፋሉ።

የማመልከቻ ቀናቱ አንድ አይደሉም። የሙዚቃው ቀድሞ ይዘጋል። በብሪታንያ ለምሳሌ ለኮንሰርቫቶሪ ሙዚቃ የሚመለከተው በኦክቶበር መጀመሪያ ይዘጋል፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ግን በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ነው፤ ወደ አንድ ዓመት ያህል። «ሦስቱንም እሞክራለሁ» የሚል ሰው ቀን መቁጠሪያውን ከሙዚቃው ይጀምር።

ወጪና ጊዜ

ከትምህርት ክፍያው ሌላ የሚወጣውን ጻፉት። ሥዕል በየሳምንቱ ይበላል፦ ቀለም፣ ሸራ፣ ወረቀት፣ ለመመረቂያው ማቀፊያና ማጓጓዣ። ሙዚቃ በአንድ ጊዜ ትልቅ ይጠይቃል፣ መሣሪያውን፤ ከዚያ ገመድ፣ ሸምበቆ፣ ጥገናና ለፈተና አጃቢ ይከተላሉ። ቴአትር በዕቃ በኩል ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍለው ማታውን ነው። ተቋሙ መሣሪያ ያውስ እንደሆነ፣ የጋራ ቀለም ያቀርብ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስትጎበኙ የሚጠየቁ

ለሥነ ጥበብ፦ ለአንድ ተማሪ የራሱ የሥራ ቦታ አለ ወይ፣ ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ፣ ማታና ቅዳሜ ይከፈታል ወይ? ስንት የሸክላ ምድጃ ይሠራል? «አለን» ከተባለ ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ለሙዚቃ፦ ስንት የልምምድ ክፍል ለስንት ተማሪ፣ ፒያኖዎቹ በዓመት ስንት ጊዜ ይቃኛሉ? ማታ 2 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ወረፋውን በዓይናችሁ እዩ። ለቴአትር፦ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሚና የሚከፋፈለው በውድድር ነው ወይስ ሁሉም በተራ ያገኛል? ይህን ሳይጠይቁ ገብተው አራት ዓመት ሙሉ ከወታደርና ከአሽከር ሚና ያላለፉ ተማሪዎች አሉ። በሦስቱም ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመመረቂያ ሥራ ነው፤ የአንደኛውን ጎበዝ ሳይሆን የመሐለኛውን ተማሪ ሥራ እዩ፤ እናንተን የሚወክለው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከምርቃት በኋላ

ሦስቱም በቀጥታ ወደ አንድ ቋሚ ደመወዝ አይወስዱም፤ አብዛኛው ተመራቂ ማስተማርን፣ በውል የሚሠራ ሥራንና የራሱን ፈጠራ ያጣምራል። ለመምህርነት የማስተማር ፈቃድ የሚያካትት ፕሮግራም ከመጀመሪያው መምረጥ ይቀላል። የሙዚቃ ሕክምናን የሚያስብ ሰው በተለይ የተዘጋጀ ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ከትምህርቱ ጋር 1,200 ሰዓት የክሊኒክ ሥልጠና ይጠየቃል። ግራፊክ ዲዛይን፣ የድምፅ ቀረጻና የመብራት ሙያ ፈጥነው ሥራ ያስገኛሉ፤ ወላጅን ለማሳመንም ይረዳሉ።

ሁለት ሳምንት ሞክሩት

አሁንም ካልወሰናችሁ ለ14 ቀን ይህን አድርጉ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት አንድን ነገር ብቻ ከሕይወት ንደፉ፤ ያው ወንበር፣ ያው ማዕዘን። ከሰዓት አንድ ሰዓት 8 ሜዠር ከላይ በተጻፈው መንገድ ተለማመዱ፤ መሣሪያ ከሌላችሁ በድምፃችሁ። ማታ ከሁለት ሰዎች ጋር የአንድ ገጽ ትዕይንት ሥሩ፣ በተባለው ሰዓት እየተገናኛችሁ። በየቀኑ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ መዝግቡ፦ የትኛውን ስትሠሩ ሰዓት ማየት ረሳችሁ፣ የትኛውንስ ለማምለጥ ምክንያት ፈለጋችሁ? በ3ኛው ቀን ሁሉም ደስ ይላል። የሚታመነው ከ9ኛው ቀን በኋላ ያለው መዝገብ ነው።

ከተሳሳቱ መመለሻው እኩል አይደለም። ከቴአትር ወደ ሥነ ጥበብ በመድረክ ዲዛይን በኩል፣ ከሥነ ጥበብ ወደ ቴአትር በአልባሳትና በመብራት በኩል መሻገር የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ክሬዲት ከፊሉ ይቆጠራል። ከሙዚቃ ወደ ሁለቱም መውጣት ይቻላል። ወደ ሙዚቃ መግባት ግን በመካከል አዲስ የመግቢያ ፈተና ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ንድፈ ሐሳቡና የጆሮ ሥልጠናው ከአንደኛ ዓመት ይጀመራል። ስለዚህ በሙዚቃና በሌላው መካከል የምትዋልሉ ከሆነ እስክትወስኑ ድረስ መሣሪያውን አታስቀምጡ፤ የግል መምህር ይኑራችሁ፣ ለሌሎች ዘርፎች ተማሪዎች ክፍት በሆነ መዘምራን ወይም ቡድን ውስጥ ተመዝገቡ፣ የዝውውር ፈተናው ቀን መቼ እንደሆነም በመጀመሪያው ሴሚስተር ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።